የእማዬ ጤና አዳም፣ የአባዬ አቮካዶ፦ ከወላጅ የቀረ ተክልን ስለ መያዝ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሀዋሳ ውስጥ ወላጆቻቸውን ያጡ ጎረቤቶችና ወዳጆች በየጊዜው የሚጠይቁኝን እዚህ ሰብስቤዋለሁ፤ እኔም እናትና አባቴን ቀብሬ ተክላቸውን የያዝኩ ሰው ነኝ።

እናቴ ካረፈች ገና ሁለት ሳምንቷ ነው። ግቢው ሙሉ ተክል ነው። ከየት ልጀምር?

ለጊዜው ምንም አትንኩ። አትንቀሉ፣ አትቁረጡ፣ ቦታ አትቀይሩ። ሐዘን ላይ ያለ ሰው እጁ ይቸኩላል። ግቢውን አጽድቶ መገላገል ያምረዋል። የደረቀ መስሎት ነቅሎ ከጣለ በኋላ ሥሩ እርጥብና ሕያው ሆኖ ያገኘውና የተጸጸተ ሰው አውቃለሁ።

እስከ አርባዋ ድረስ ሦስት ነገር ይበቃል። መጀመሪያ ማን እንደሚያጠጣ ወስኑ፤ አንድ ሰው ብቻ ይሁን። ቀጥሎ እያንዳንዱን ተክል ባለበት ቦታ ፎቶ አንሱት። የጠዋት ፀሐይ የሚያገኘው የቱ ነው? ጥላ ሥር ያለው የቱ ነው? እናታችሁ እዚያ ያስቀመጠችው በምክንያት ነውና ይህ በኋላ በጣም ይጠቅማችኋል። ከዚያ ደግሞ ሊረዳ የመጣ ዘመድ «አረም ነው» ብሎ እንዳይነቅል ለቤተሰቡ ሁሉ ተናገሩ።

አባቴ የተከለውን ሁሉ ስሙን አላውቀውም። እንዴት ልወቅ?

ከስልክ በፊት ሰው ጠይቁ። አባታችሁ ችግኝ የተለዋወጣቸው ጎረቤቶች ያውቃሉ። እናታችሁ ቡና የምትጠራቸው ሴቶች ደግሞ የበለጠ ያውቃሉ። ቅጠሉን በጣት አሸት አድርጋችሁ ማሽተትም ብዙ ይናገራል። ጤና አዳም፣ ዳማከሴ፣ ኮሰረትና በሶብላ አንዴ ሽታቸውን የለየ ሰው አይሳሳትባቸውም።

ካልተገኘ ቅጠሉን፣ አበባውንና ግንዱን ለየብቻ ፎቶ አንስታችሁ ወደ ችግኝ ሻጮች ሂዱ። ለትልልቅ ዛፎች ከተማችን ዕድለኛ ናት። የሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ ግብርና ኮሌጅ እዚሁ ነው፤ የወንዶ ገነቱ የደን ኮሌጅም ሩቅ አይደለም። እዚያ የተማረ አንድ ሰው በሰፈራችሁ አይጠፋም።

የቤቱንም ስም ጻፉት። እናቴ አንዷን አበባ «የቡታጅራዋ» ነበር የምትላት፤ ከዚያ ስላመጣቻት። ትክክለኛ ስሟን በኋላ አውቄዋለሁ። እኛ ቤት ግን አሁንም የቡታጅራዋ ናት።

በየስንት ቀኑ ላጠጣ?

በቀን አትቁጠሩ፤ በጣት ለኩ። ጣታችሁን እስከ ሁለተኛው አንጓ አፈሩ ውስጥ ክተቱ። ደረቅ ከሆነ አጠጡ፣ እርጥብ ከሆነ ተዉት። የሀዋሳ አፈር በብዙ ሰፈር ከእሳተ ገሞራ የመጣ ቀለል ያለ አፈር ስለሆነ መሬት ላይ ያለ ተክል ውሃውን ቶሎ ያሳልፋል። ባልዲና ጣሳ ውስጥ ያለው ግን ሌላ ነገር ነው። ታችኛው ቀዳዳ ከተደፈነ ውሃው ይታቆራል፣ ሥሩም ይበሰብሳል።

ይህን የምለው ከራሴ ጥፋት ተምሬ ነው። እናቴ ያረፈች ሰሞን ጤና አዳሟ በር ላይ በቀለም ባልዲ ነበረች። ለቅሶ የመጣው ሰው ሁሉ አዘነላት። አንዱ የተረፈ የመጠጥ ውሃውን ያፈስላታል። ሌላዋ «ዛሬ ማን አጠጣት?» ብላ በጣሳ ትጨምርላታል። እኔም ማታ ማታ አጠጣታለሁ። በሦስተኛው ሳምንት ቅጠሏ ቢጫ ሆነ። እኔ ደግሞ የጠማት መስሎኝ ጨመርኩላት። በወሩ ሞተች፤ እንዴት እንደተመለሰች ወደ ታች እነግራችኋለሁ። ጤና አዳም ድርቅ ይችላል፤ የማይችለው የተኛ ውሃ ነው። ከሐዘን ቤት ተክል የሚገድለው ብዙ ጊዜ ጥማት ሳይሆን የሁሉም ሰው ርኅራኄ ነው።

ማሰሮውን ወይም ባልዲውን መቀየር አለብኝ?

ሥሩ ከታች ካልወጣ ወይም ዕቃው ካልተሰነጠቀ አትቸኩሉ። ስትቀይሩ በትንሹ ሰፋ ወዳለ ዕቃ አዛውሩት፤ የድሮውን አፈር አታራግፉት፣ ከነአፈሩ ይግባ። ብዙ እናቶች የሚጠቀሙበትን የዘይት ጀሪካን ወይም የወተት ጣሳ ለመጣል አትቸኩሉ። እኔ የእናቴን ባልዲ ቀዳዳውን አስፍቼ አሁንም እጠቀምበታለሁ።

ከሀዋሳ ወደ አዲስ አበባ ብወስደው ይድናል?

እንደ ተክሉ ነው። ሀዋሳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። ልዩነቱ ለሰው ጃኬት ነው፤ ለማንጎና ለፓፓያ ግን ሕይወት ነው። ማንጎ አዲስ አበባ ላይ ቅጠል ይዞ ሊቆም ይችላል እንጂ ፍሬ አትጠብቁበት። ጽጌረዳ፣ ጤና አዳም፣ ሮዝመሪና ዳማከሴ ግን በደንብ ይለምዳሉ።

ጉዞው በሌሊት ወይም ማለዳ ይሁን። ፀሐይ ላይ ከቆመ መኪና ውስጥ የተቆለፈ ተክል በአንድ ሰዓት ይቀቀላል። ከመነሳታችሁ አንድ ቀን በፊት አጠጡት፤ ከደረሰ በኋላም ሁለት ሳምንት ያህል ጥላ ውስጥ አሳርፉት። ቅጠል ማርገፉ አያስደንግጣችሁ። አዳማ ለምትወስዱት ደግሞ ሙቀቱ ከሀዋሳ ብዙም አይርቅም፤ አስቸጋሪው ነፋሱ ነው። ግንብ ጥግ አስጠጉት።

ከአንዱ ተክል ብዙ ማድረግ ይቻላል? እንዴት?

ይቻላል። ከዚህ ገጽ አንድ ነገር ብቻ የምትወስዱ ከሆነም ይህን ውሰዱ። ከእናታችሁ የቀረው ተክል አንድ ብቻ ሆኖ አይክረም። አንድ ፍየል፣ አንድ የሳምንት ጉዞ፣ አንድ የግንባታ ሠራተኛ ይበቃዋል።

ለጽጌረዳ እንዲህ ነው የማደርገው። አበባው የረገፈ፣ እርሳስ የሚያክል ውፍረት ያለው ቅርንጫፍ እመርጣለሁ። ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር እቆርጣለሁ፤ ታችኛውን ጫፍ ከአንጓው ሥር ሰያፍ፣ ላይኛውን ቀጥ አድርጌ። እንዲህ ከሆነ የትኛው ጫፍ ታች እንደሆነ አይምታታም፤ ተገልብጦ የተተከለ ሥር አያወጣም። ከላይ ሁለት ቅጠል ብቻ አስቀርቼ ሌላውን አረግፋለሁ። እኩል አሸዋና አፈር ደባልቄ ግማሹን እቀብረውና ታቹ የተቆረጠ የሃይላንድ ጠርሙስ እደፋበታለሁ፤ ክዳኑን እከፍተዋለሁ። ቦታው ጥላ ይሁን። ሥር ለማውጣት ከ4 እስከ 8 ሳምንት ይፈጅበታል። ከዚያ በፊት አዲስ ቅጠል ቢያወጣ ሥር ያዘ ማለት አይደለም፤ ግንዱ ውስጥ ባለው ስንቅ ነው። ስለዚህ እየጎተታችሁ አትፈትሹት። አሥር ቁረጡ፤ ሦስት አራቱ ከያዘ ጥሩ ነው።

ጤና አዳም፣ ዳማከሴና ሮዝመሪ በዚሁ መንገድ ይሄዳሉ፤ ቀጭን ስለሆኑ 10 ሴንቲ ሜትር ይበቃቸዋል። በሶብላ በብርጭቆ ውሃ ውስጥ በሁለት ሳምንት ሥር ያወጣል። ጠጅ ሳር ከሥሩ ይከፈላል። እሬት ከጎኑ የሚያወጣቸውን ልጆች ነቅላችሁ ቁስሉ እንዲደርቅ ሁለት ሦስት ቀን ጥላ ላይ አቆዩና ትከሉ። ቡገንቪል ግን ትዕግሥት ይፈልጋል፤ ሁለት ወርም ሦስት ወርም ዝም ሊላችሁ ይችላል።

እንደ ሎሚና ዘይቱን ላሉ ትልልቅ ዛፎች ቅርንጫፉን ከዛፉ ሳትለዩ ሥር ማስወጣት ይሻላል። የአውራ ጣት ውፍረት ባለው ቅርንጫፍ ላይ የ3 ሴንቲ ሜትር ቀለበት ያህል ልጣጩን ዙሪያውን አንሱ። እርጥብ አፈርና የበሰበሰ ቅጠል ደባልቃችሁ ሸፍኑት፣ በፌስታል ጠቅልላችሁ ሁለቱን ጫፍ እሰሩት። በሁለት ሦስት ወር ሥሩ በፌስታሉ ውስጥ ይታያል። ያኔ ከታች ቆርጣችሁ ትተክላላችሁ። ጊዜው ክረምት መግቢያ፣ ሰኔና ሐምሌ ቢሆን ይመረጣል፤ እዚህ ሀዋሳ የበልግ ዝናብ በደንብ ከጣለ ሚያዝያም ጥሩ ነው።

ከፍሬው ዘር ባበቅለው ያው የአባቴ ዛፍ ነው?

ከቅርንጫፍ የመጣው ራሱ ነው። አካሉ አንድ ነው፤ አዲስ ቦታ ላይ የቀጠለ የአባታችሁ ዛፍ ማለት ነው። ከዘር የመጣው ግን ልጁ ነው። ልጅ ደግሞ ከሌላ ወገንም ይወርሳል።

አቮካዶ በተለይ ያታልላል። ጣፋጩን ፍሬ በልታችሁ ዘሩን ብትተክሉ የሚመጣው ሌላ መልክና ሌላ ጣዕም ሊሆን ይችላል፤ ለማወቅም አምስት ዓመትና ከዚያ በላይ መጠበቅ ነው። የአባቴን አቮካዶ የቀጠልነው በማዳቀል ነው። ከዘር የበቀለ ችግኝ አዘጋጅተን፣ ከእሱ ዛፍ ላይ ቅርንጫፍ ቆርጠን ችግኙ ላይ የሚቀጥል ባለሙያ አመጣን። ችግኝ ጣቢያ የሚሸጠው «የተዳቀለ አቮካዶ» የሚባለው በዚሁ ሥራ የተገኘ ነው። የተዳቀለ በሦስት አራት ዓመት ፍሬ ይጀምራል።

ቡና ግን ቸር ነው። የእኛ አገር ቡና በአብዛኛው በራሱ አበባ ብናኝ ስለሚያፈራ ከዘሩ የበቀለው እናቱን በጣም ይመስላል። የሎሚ ዘርም ብዙ ጊዜ እናቱን የሚመስል ችግኝ ያወጣል። ፓፓያ ከዘር ነው የሚበቅለው፤ ነገር ግን ወንድና ሴት ስላለው አራት አምስት አድርጋችሁ ትከሉና ሲያብብ ለዩ።

የእናቴ እንሰት አበበ። ጎረቤቶች «ሊሞት ነው» አሉኝ። እውነት ነው?

እውነት ነው። እንሰት በዕድሜው አንዴ ብቻ ያብባል፤ ካበበና ካፈራ በኋላ ይሞታል። የእናንተ ጥፋት አይደለም። ሲዳማ ውስጥ እናቶች እስኪያረጅ አይጠብቁትም። ገና ለጋ ሳለ፣ ሁለት ሦስት ዓመት ሲሆነው፣ አንዱን መርጠው ግንዱን ከሥሩ አካባቢ ይቆርጡና የመሐሉን ማደጊያ ያወጡታል። ከዚያ ሥሩን ከፍግ ጋር አፈር ያለብሱታል። ከጥቂት ወራት በኋላ በብዙ አሥር የሚቆጠር ልጅ ዙሪያውን ይወጣል።

ስለዚህ ያበበውን ትታችሁ ጎኑ ያለ ለጋ እንሰት ፈልጉ። እናታችሁ ለዘመድ የሰጠችውም ካለ ጠይቁ። የዓይነቱን ስም አትርሱ፤ ገንቲቻ ነው? አዶ ነው? እንሰት ከሴት ወደ ሴት በስም ነው የሚተላለፈው። ቢላውን ከእንሰት ወደ እንሰት ስታሻግሩ በእሳት ለብለቡት፤ የእንሰት አጠውልግ በሽታ በቢላ ነው የሚዛመተው።

የቅጠሉ ጫፍ እየደረቀ ቡናማ ይሆናል። ምን ጎድሎት ነው?

ብዙ ጊዜ የጎደለው ሳይሆን የበዛበት ነው። እኛ ያለነው ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ነው። እዚህና አዳማ አካባቢ ብዙ የጉድጓድ ውሃ ፍሎራይድና ጨው ይበዛበታል። የሰውን ጥርስ የሚያበልዘው ያው ፍሎራይድ የአንዳንድ የቤት ውስጥ ተክልን ቅጠል ጫፍ ያቃጥላል። ውሃውን አሳድሮ ማጠጣት ለክሎሪን ይረዳል እንጂ ፍሎራይድን አያጠፋም።

መፍትሔው የዝናብ ውሃ ነው። ከጣሪያ በበርሜል ያዙና ለስሱዎቹ አስቀምጡ። በወር አንዴ ደግሞ ዕቃውን ከሥር ውሃው በደንብ እስኪፈስ አጠጡት፤ የተከማቸው ጨው ታጥቦ ይወርዳል። ከሐይቁ ቀድታችሁ አታጠጡ። ጥቁር ውሃ ወንዝ ይገባበታል እንጂ ከሐይቁ የሚወጣ ወንዝ የለም፤ ጨው እየቀረ ነው የሚሄደው።

ጦጣዎቹን ምን ላድርጋቸው?

ሐይቁ ዳር ለምትኖሩ መልሱ አጭር ነው፤ አታሸንፏቸውም። ለስላሳ ቡቃያና አበባ ይወዳሉ። አዲስ የተተከለውን ሥር እስኪይዝና እስኪጠነክር በወንፊት ሽቦ ክበቡት። የማይተካውን ተክል ደግሞ አንድ ቅጂ ከሐይቁ ርቆ ለሚኖር ዘመድ ስጡ።

የእማዬን ጤና አዳም ቡና ላይ ብጠቀም ነውር አለው? ማስታወሻዬ ነው፣ መቁረጥ ከበደኝ።

ቁረጡ። ጤና አዳም ካልተቆረጠ ግንዱ እንጨት ይሆንና ሥሩ ይራቆታል። ጫፍ ጫፉን መቀንጠብ ያበዛዋል። እናታችሁ ለሲኒ ስትቆርጥ የኖረችው እሱን ስትንከባከብ ነበር ማለት ነው። እኔ የእናቴን ስቀነጥብ ሽታው ጣቴ ላይ ይቀራል፤ እስከ ማታ እጄን መታጠብ አልፈልግም። ፀሐይ ላይ ብዙ ስትቆርጡ ግን ተጠንቀቁ። የጤና አዳም ጭማቂ ቆዳ ነክቶ ፀሐይ ካገኘው እንደ ቃጠሎ ውሃ ሊያስቋጥር ይችላል። ጠዋት ወይም ማታ ቁረጡ፣ ክንዳችሁንም ታጠቡ።

ፍሬም እንዲሁ ነው። አባዬ የተከላቸው የቡና ዛፎች ጥቂት ናቸው። አንድ ኪሎ ንጹሕ ቡና ለማግኘት ከአምስት እስከ ስድስት ኪሎ ቀይ እሸት ያስፈልጋል። ስለዚህ ከእነሱ የሚወጣው ብዙ አይደለም። ያንን ለሙት ዓመቱ እናስቀምጠዋለን። የተዝካሩ ቡና ከራሱ ግቢ ሲፈላ የሚመጣው እንግዳ ሁሉ «ከእጁ ጠጣን» ይላል።

ወንድሞቼም እህቶቼም ሁሉም ይፈልጉታል። ለማን ይሁን?

ዋናው ተክል ከሁሉ በላይ ለሚንከባከበው፣ ፀሐይና ቦታ ላለው ይሁን። የበኩር ልጅ መሆን ለተክል ውሃ አያጠጣም። ሌሎቹ ቅርንጫፍ ይውሰዱ፤ ከላይ እንዳልኩት ከቅርንጫፍ የመጣው ራሱ ስለሆነ ማንም ያነሰ ነገር አልደረሰውም።

እኛ ቤት ይህን ያደረግነው በመጀመሪያው ሙት ዓመት ነው። አስቀድመን ክረምቱን ሙሉ የጽጌረዳ ቅርንጫፍ በላስቲክ ተክለን ነበር። ዘመድ ሲሰነባበት ለእያንዳንዱ አንድ አንድ ሰጠን። ዛሬ ይርጋለም አለች፣ ዲላ አለች፣ አዳማም አለች። አንዱ ወንድማችን ጋ ስትጠወልግ ስልክ ደውሎ ይጠይቃል። ለሌላ ጉዳይ በወር አንዴ የማይደውል ልጅ ነው።

ቤቱ ሊሸጥ ነው። ተክሉን ነቅዬ መውሰድ እችላለሁ?

በባልዲና በማሰሮ ያለው እንደ ማንኛውም ዕቃ ይወሰዳል። መሬት ውስጥ የተተከለው ግን ሌላ ነው። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት ዛፍና ሰብል ከመሬቱ እስካልተለዩ ድረስ የመሬቱ አካል ናቸው። ውል ከተፈረመ በኋላ የእናታችሁን ጽጌረዳ ነቅላችሁ ብትወስዱ ገዢው ሊከራከር ይችላል። ስለዚህ ከመፈረማችሁ በፊት የምትወስዱትን በውሉ ላይ አጽፉ፤ ወራሾች ከአንድ በላይ ከሆናችሁም እርስ በርሳችሁ ተስማሙ።

ትልቅ ዛፍ ለመንቀል አትሞክሩ። ሥሩ ተቆርጦ አብዛኛው ይሞታል። ሽያጩ ሲታሰብ ጀምሮ ቅርንጫፍና ዘር ውሰዱ፤ ቢያንስ አንድ ክረምት ቀድማችሁ። ለገዢውም ዛፉ የማን እንደነበረ ንገሩት። አንድ የማውቀው ሰው ይህን ነግሮ ነበር፤ ገዢዋ እናት ዛሬም ዘይቱኑ ሲደርስ «ና ውሰድ» ብላ ትደውልለታለች።

ውጭ አገር ላለች እህቴ ቅርንጫፍ ወይም ዘር መላክ እችላለሁ?

በሻንጣ ደብቆ መላክ አይሆንም። የአውሮፓ ኅብረት ከ2019 መጨረሻ ጀምሮ ሕያው ተክልን ያለ ዕፅዋት ጤና ምስክር ወረቀት አያስገባም። አሜሪካም ጥብቅ ነው። እኛ አገር ወረቀቱን የሚሰጠው የኢትዮጵያ ግብርና ባለሥልጣን ነው። በተለይ ጤና አዳምን አስቡበት፤ ከሎሚና ከብርቱካን ጋር አንድ ቤተሰብ ስለሆነ የሎሚ በሽታ የሚፈሩ አገሮች በጣም ይጠነቀቁበታል። እህታችሁ ያለችበትን አገር ሕግ ራሷ ታጣራ።

ካልተቻለ እዚያው የሚሸጥ ተመሳሳይ ተክል ትግዛ፣ እናንተ ደግሞ የእናታችሁን አያያዝ ላኩላት። የት እንደምታስቀምጠው፣ መቼ እንደምትቆርጠው፣ ስታጠጣ ምን እንደምትል። የእኔ እህት ውጭ ናት። በእማዬ ሙት ዓመት እኔ ከባልዲው፣ እሷ ከመስኮቷ ቀንጥበን በቪዲዮ ቡና እንጠጣለን።

መቃብሩ ላይ ብተክለውስ?

መጀመሪያ የአጥቢያውን አስተዳደር ጠይቁ። ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ የሚፈቀድና የማይፈቀድ ነገር አለ፤ ከቦታ ቦታ ይለያያል። ከተፈቀደ ሥሩ የማይገፋ ትንሽ ነገር ምረጡ፤ እሬት ውሃ ሳይጠጣ ብዙ ይቆያል። ዛፍ ግን የጎረቤትን መቃብር ጭምር ይሰነጥቃል።

ሙስሊም ጎረቤቶቼ ከመቃብር ይልቅ ሰው በሚያልፍበት ቦታ ፍሬ ያለው ዛፍ መትከልን ይመርጣሉ። ሙስሊም የተከለውን ሰውም ወፍም እንስሳም ቢበላለት ሰደቃ ይሆንለታል የሚል ሐዲስ አለና። በወላጅ ስም የተተከለ ማንጎ ሥር ተማሪ ሲያርፍ ማየት እኔንም ያስደስተኛል።

ቢሞትብኝስ?

መጀመሪያ በእርግጥ መሞቱን አጣሩ። ግንዱን በጥፍር ጫር አድርጉት። ከልጣጩ ሥር አረንጓዴ ካለ ሕያው ነው፤ የደረቀውን ቁረጡና ጠብቁ። ከላይ ቡናማ ከሆነ ወደ ታች እየወረዳችሁ ሞክሩ። ጽጌረዳና ቡገንቪል ከሥራቸው ተመልሰው ይነሳሉ።

ከሞተም የሞተው ተክሉ ነው። ይህን ለራሴ ለማሳመን ጊዜ ወስዶብኛል። የእናቴ ጤና አዳም በውሃ ብዛት ስትሞት እንደገና ለቅሶ ተቀመጥኩ፤ ለማንም መናገር አፍሬ ነበር። ጤና አዳም በተፈጥሮው ለዘላለም የሚቆይ አይደለም፤ በየጥቂት ዓመቱ መታደስ ይፈልጋል። እናቴም በሕይወቷ ስንቱን ቀይራዋለች! እኔ አላስተዋልኩም እንጂ ያቺ ባልዲ ውስጥ የነበረችው የመጀመሪያዋ አልነበረችም።

ደረቁን ግንድ ይዤ ሳለ ከአጥር ማዶ ያሉ እትዬ «ምን ሆንሽ?» አሉኝ። ነገርኳቸው። ዝም ብለው ገብተው አንድ እፍኝ ቅርንጫፍ ቆርጠው አመጡ። ከስምንት ዓመት በፊት እናቴ ለእሳቸው የሰጠቻቸው ነበር። አሁን በር ላይ ያለችው እሷ ናት። ስለዚህ ተክላችሁ ቢሞት ከመሬት ቀና ብላችሁ ጎረቤት ጠይቁ። እናቶቻችን ሲሰጡ መዝግበው አይደለም፤ ያለበትን የሚያውቀው የተቀበለው ሰው ነው።

የአባቴ ዛፍ የጎረቤትን ግንብ እየሰነጠቀ ነው። መቁረጥ አለብኝ?

ምናልባት። ቅርንጫፍ በመቀነስ ወይም የሚገፋውን ሥር በባለሙያ በማስቆረጥ የሚድን ካለ ያንን ሞክሩ። ካልሆነ ግን በአባታችሁ ስም ጎረቤት ማስቀየም አይገባም። ጎረቤታችሁን ቀድማችሁ አነጋግሩ፣ የቀበሌውንም ፈቃድ ጠይቁ፤ በተለይ እንደ ጥድ፣ ዝግባና ዋንዛ ላለ አገር በቀል ዛፍ።

ከመቁረጡ አንድ ክረምት በፊት ቅጂ ያዙ። እንጨቱንም ለማገዶ ብቻ አትስጡ። አናጺ ጥሩና በርጩማ አሠሩ። እርጥብ እንጨት ይሰነጠቃልና ጥላ ላይ ወራት ይድረቅ።

ከአባቴ ጋር ሳንታረቅ ነው የሞተው። ዛፉን ባየሁት ቁጥር ልቤ ይከብዳል። መያዝ ግዴታዬ ነው?

አይደለም። ተክል ዕዳ አይደለም። ይህን ጥያቄ የሚጠይቁኝ ሰዎች ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው፤ የሚያሳፍር ነገር ግን የለበትም። ለወንድማችሁ፣ ለአክስታችሁ ወይም ለሚፈልግ ጎረቤት ስጡት። ሌላ ቦታ ሆኖም ይበቅላል።

የምለምናችሁ አንድ ነገር ብቻ ነው። በንዴት ቀን መጥረቢያ አታንሱ። አንድ ክረምት ይለፍበት። አንድ ወዳጄ ነበር፤ የአባቱን ማንጎ ማየት አልፈለገም፣ መቁረጥም አልቻለም። በመጨረሻ የግቢውን በር ከፍቶ ለሰፈሩ ልጆች «ፍሬው የእናንተ ነው» አላቸው። እሱ ራሱ ለሦስት ዓመት አልቀመሰውም። ባለፈው ሚያዝያ አንዲት ሕፃን ልጣ አመጣችለት። ተቀበላት።